ስም ያለበት ጥሪ

ኪሳንጋኒ፣ ሉቡንጋ፣ ከወንዙ በስተግራ
ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2022

ለልጄ ለጎደሊቭ፣

መጀመሪያ ቁጭ በዪ። የሞተ ሰው የለም። እናትሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ከእኔ ይሻላል፣ ምላሷ ደግሞ ከሁለታችንም። እኔም ደህና ነኝ። ጣራው ያፈሳል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ መብራቱ እንደ ድሮው ደስ ባለው ሰዓት ይመጣል። የሰፈሩ ወሬ ይኸው ነው።

አምስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩልሽም፤ አንቺም አልጻፍሽልኝም። ይህን የማነሳው ጥፋት ለመመዘን አይደለም። አንድ ግንድ ሲፈለጥ ሁለቱም ፍልጥ እኩል ይደርቃል። ዛሬ የምጽፈው ጉዳይ ስላለኝ ነው። እስከዚህ ወር ሃያኛው ቀን ድረስ የአንቺ ፈቃድ ያስፈልጋል። እምቢ ማለት መብትሽ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እምቢ እንዳትዪ። እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ ብድግ ማለት ምን እንደሚያመጣ አሁን አውቄያለሁ። እሱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው በእናትሽ ስልክ ነው። ኦገስት ላይ ታንኳ ውስጥ ወድቆባት ከዓሣው ጋር ሲዋኝ ዋለ። ፈታሁት፣ በአልኮል አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲነሳ መጀመሪያ ያወጣው የአንቺን መልእክት ነው። እኔ የሰው ደብዳቤ አላነብም። የጠገንኩት ዕቃ መሥራቱን ማረጋገጥ ግን ግዴታዬ ነው፤ ስልክ ደግሞ መሥራቱ የሚታወቀው ሲነበብ ነው።

«እማ፣» ይላል፣ «ዱዋላ ያለው የጆሮ ቤት የተባለ የድምፅ ማዕከል ለድምፅ ሠሪዎች ጥሪ አውጥቷል። ሥራዬን ልኬያለሁ። ከተመረጥኩ ጃንዋሪ ላይ ዱዋላ ድረስ ይወስዱኛል። ዱዋላ ከደረስኩ ኪሳንጋኒ ለመድረስ ምን ቀረኝ? ጸልዪልኝ። ለፓፓ እንዳትነግሪው።»

ስልኩን ወስጄ ሰጠኋት።

«ሠራ?» አለች።

«ሠራ።»

«ምን አነበብክ?»

«ምንም።»

«ታዲያ መነጽርህን ለምን አደረግህ?»

መነጽሬን አውልቄ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ሁሉም ጥያቄ መልስ አያስፈልገውም።

ከመልእክትሽ ሥር የጥሪው ወረቀት ተያይዞ ነበር። እሱን በካርቶን ጀርባ ገለበጥኩት፤ የአደባባይ ጽሑፍ ስለሆነ የሰው ደብዳቤ አይባልም። የሙከራ ድምፅና ኤሌክትሮአኩስቲክ ሥራ ይቀበላሉ። ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ። ሠሪው ከየትም ይምጣ፣ የተማረም ያልተማረም ይሁን። የዕድሜ ገደብ የለም። አንድ ሰው አንድ ሥራ ብቻ። ዳኞቹ የማን እንደሆነ ሳያውቁ እንዲፈርዱ በድምፁ ውስጥ የሠሪው ስም አይሰማ።

ኤሌክትሮአኩስቲክ የሚለውን በመዝገበ ቃላቴ ፈለግሁ፣ የለም። የመዝገበ ቃላቱ «ኤ» ግማሹ በምስጥ ተበልቷል። የቁምስናው መነኩሲት ሲስተር ኢማኩሌ በኮምፒውተሯ ፈልጋ ነገረችኝ። ድምፅ ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክም ተመልሶ ድምፅ ሲሆን ማለት ነው። አርባ አንድ ዓመት ስሠራው ስም እንዳለው የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ለምን እንደተወዳደርኩ ትጠይቂ ይሆናል። ነገሩ ሥራ መሆን አለመሆኑን በእጄ ለማወቅ ነው። ሌላ ምክንያት የለም። ዱዋላን የማየት ጉጉት የለኝም፤ ባሕር አልወድም፣ ወንዝ ይበቃኛል። እናትሽ ግን ከዚያ ቀን ጀምራ የእሑድ ሸሚዜን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በላስቲክ ጠቅልላ ሰቅላዋለች። ለምን እንደሆነ እሷን ጠይቂ።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። የሞተውን የካሴት መቅረጫ አስነሳሁት፤ ሞተሩን ከሌላ አወጣሁለት፣ ቀበቶውን ከብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆረጥኩለት። ያ ቀበቶ እንደልቡ አይሄድም፤ አንዳንዴ ይዘገያል። መጀመሪያ ተናደድኩበት፣ በኋላ ተውኩት። ከዚያ መቅዳት ያዝኩ። የትራንስፎርመሩን እንጉርጉሮ ቀዳሁ። ታንኳ አሸዋ ላይ ሲሳብ ሆዱ የሚያወጣውን ድምፅ ቀዳሁ። በክፍያ ሰው የሚያፈናጥጡትን የቶሌካ ብስክሌተኞች ደወል ቀዳሁ፤ አንዱ መቅረጫውን አይቶ «ፓፓ፣ ለመንግሥት ነው?» ብሎ ሸሸኝ።

ሬዲዮ ላይ ጣቢያና ጣቢያ መካከል ያለውንም ሹክሹክታ ቀዳሁ። አዎ፣ እሱኑ። አንቺ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ስትቀጂው «እኔ ሰው ከጩኸት እንዲገላገል ሬዲዮ አድሳለሁ፤ አንቺ የደፋሁትን ትለቅሚያለሽ» እንዳልኩሽ አልረሳሁም። ሲለቅሙት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጠዋት ያለው ደረቅ ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለው እንደ ሩዝ መታጠብ ነው። ይህን ለአንቺ መንገር አያስፈልግም፤ ለእኔ ነው አዲስ የሆነብኝ።

እናትሽ ዓሣ ስታበልት መቅረጫውን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ምን ልሁን ብለህ ነው?»

«ዝም በዪ፣ እየቀዳሁ ነው።»

«እኔን ነው ቢላዬን?»

«ቢላውን።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አጠገብህ ሲያወራ ኖሮ ዛሬ ሰማኸው? እሰይ! ቀጥሎ እኔንም ትሰማኛለህ።»

ይኸውም ተቀድቷል። አላወጣሁትም፤ ከቢላው ይልቅ ጥሩ ድምፅ ነው።

ከዚያ በወፍራምና በቀጭን ድምፁ ቃል የሚናገረውን የአጎቴን የግንድ ከበሮ ከግድግዳው አወረድኩት። ከንፈሩ መሰንጠቁን እናትሽ ነግራሽ ይሆናል። በሄድሽበት ሳምንት ከሚስማሩ ወደቀ ብያታለሁ። አልወደቀም፣ እኔ ነኝ የጣልኩት። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ከተሰነጠቀ ወዲህ ወፍራሙ ድምፁ ትንሽ ያነክሳል፣ ቀጭኑ ግን እንዳለ ነው። ቋንቋው አልጠፋበትም።

ጥሪ ነው ያሉት። በእኛ ወገን ጥሪ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ከበሮ ተመትቶ ስም ካልተጠራበት አየር መደብደብ ነው፤ ስም የሌለው ጥሪ ለውሻም አይሆን። ስለዚህ በሥራው መጨረሻ ላይ ጠራሁ። የተወለድሽ ቀን ራሴ ያወጣሁልሽን ስም፣ ሙሉውን መታሁት፤ «በጎርፍ የመጣች፣ ታንኳ ያልጠበቀች፤ ወንዝ ሲመክረው ወንዙን የመከረው ሰውዬ ልጅ፤ ዓሣ የማይዋሻት የያዌምቤ ሴት ልጅ።» ከእኔ ስም እስከ እናትሽ መንደር እስከ ያዌምቤ፣ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ካሴቱን አቆምኩ። ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሆነ።

ሕጉን ረስቼ አይደለም። የሠሪው ስም አይሰማ ይላል፤ ሠሪው እኔ ነኝ፤ የጠራሁት አንቺን ነው። ነገሩ ግልጽ መሰለኝ። የአንቺ የከበሮ ስም የእኔን በሆዱ እንደያዘ ልብ ያላልኩት ስለለመድኩት ነው። ሰው የገዛ አፍንጫውን አያይም።

ሲስተር ኢማኩሌ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተሯ አስገብታ ፎርሙን ሞላችልኝ። ርዕስ ሲል «ጥሪ» አልኩ። የት ተማሩ ሲል «ሬዲዮዎች አስተማሩኝ» አልኩ። ለዝግጅቱ ምን ያስፈልግዎታል ሲል «ትራስ የሌለው ወንበር፣ ሰው እንዳይተኛ» አልኩ። ሲስተሯ በጣም ሳቀች። የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም።

ከዚያ ዝም። ሴፕቴምበር አለፈ። ኦክቶበር ማለቂያው ላይ፣ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ የእናትሽ ስልክ ጮኸ። የጆሮ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ንጎ ቢካይ ትባላለች። ድምፅዋ ወጣት ነው፣ ትሕትና አላት፣ ግን የፈራችው ነገር አለ።

«አባባ፣ ሥራዎን ሰምተነዋል። ቁጥሩ ሃምሳ ስምንት ነው። በጣም... በጣም ቆንጆ ነው።»

«ቆንጆ ከሆነ ለምን ትፈሪያለሽ?»

«ስም ተሰምቶበታል።»

«ማን ሰማው?»

«ስፒከሮቹን የሚያስተካክልልን ባለሙያ አለ፤ ሎካንጉ ይባላል። የኢሳንጊ ሰው ነው፤ ከእናንተው ወንዝ። ዳኞቹ የመረጡትን ደግመው እየሰሙ ሳለ ከኋላ ሳቀ። ምን ያስቅሃል ሲሉት፣ ‹ይህ እኮ ሙዚቃ ብቻ አይደለም፣ ሰው በስሙ እየተጠራ ነው› አላቸው።»

እኔ ኩራት ተሰማኝ። ዱዋላ ድረስ ሄዶ የተሰማ ከበሮ ነው። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«አባባ፣ ጎደሊቭ ኦሱማካ የምትባል ሴት ያውቃሉ?»

«ከጎርፉ ጊዜ ጀምሮ።»

«ቁጥር ሠላሳ አንድ የእሷ ነው። እሱም ውስጥ ያው ስም አለ። ቃል በቃል ያው ነው አለ ሎካንጉ። ያው ከበሮ፣ ያው እጅ። አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት ሥራ ልኳል ተብሎ ተጠርጥሯል። ሕጉ ደግሞ አንድ ሰው አንድ ሥራ ይላል። ስሙም ሲጨመር... ሁለቱም እንዳይወድቁ እፈራለሁ።»

ወንበር ሳብኩ። ልጄ፣ አንቺ ዱዋላ ውስጥ የከበሮ ቋንቋ የሚሰማ ሰው አይኖርም ብለሽ ላክሽ። እኔ ደግሞ የማይሰማ አይኖርም ብዬ ላክሁ። ሁለታችንም ተሳሳትን፤ የአንቺን ደህና መንገድ ደግሞ የእኔ ከበሮ ዘጋው።

«መፍትሔ አለኝ» አለች ንጎ ቢካይ። «የእርስዎ ስም የሚሰማበት አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። እሱን ብቻ እንቁረጠው። የእርስዎ ሥራ ንጹሕ ይሆናል፤ ከእሷም ይለያል።»

«የቱን ነው የምትቆርጪው?»

«ወንዙን የመከረው የሚለውን።»

«እሱ ሲወጣ ልጅቷ የማን ልጅ ትሆናለች?»

«አባባ፣ እሱ እኮ ድምፅ ብቻ ነው...»

«ለአንቺ ድምፅ ነው። በእኛ ከበሮ አባት የሌላት ልጅ አትጠራም፤ ከበሮው እንዲያ የሚል አፍ የለውም። አትቁረጪ።»

«እንግዲያው ሙሉውን ስም እናውጣው?»

«ታዲያ ማንን ልጥራ? አንቺን?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እስከ ሰኞ እንዳስብ ጊዜ ሰጠችኝ።

እናትሽ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ለሊቱማ የተቀቀለውን ሙዝ እየደቆሰች ስለነበር ዘነዘናው በእጇ ነው።

«ደግሞ ልጄን አሰናከልክብኝ?»

«አላሰናከልኩም። ሕጉ ነው።»

«ሕጉ! አንተ ሰውዬ፣ ሕጉን ትወዳለህ። እኔ ልጄ እንድትመጣ ነው የምፈልገው። ሰባ አንድ ዓመትህ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ቀን፣ ‹እሺ› የሚል ቃል ከአፍህ ይውጣ። አይገድልህም፤ ከገደለህም በደንብ እቀብርሃለሁ።»

ዓርብንም ቅዳሜንም አልሠራሁም። ሬዲዮ ከፍቼ ካቻቪቴውን ይዤ እቀመጣለሁ፤ እጄ ግን አይሄድም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሰንኩ። ሥራዬን ከውድድሩ አነሳለሁ። እሺ ማለት አይደለም፤ ስሌት ነው። ሃምሳ ስምንት ከወጣ ሠላሳ አንድ ብቻውን ይቀራል፤ የተጠረጠረውም ነገር ይፈርሳል። ወረቀቱን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ሰኞ ንጎ ቢካይ ስትደውል ከመናገሬ በፊት ያንን የኢሳንጊ ሰው እንድታገናኘኝ ጠየቅኋት። ሎካንጉ ስልኩን ተቀበላት። ሰላምታውን በቋንቋችን ጀመረ፤ ያንን የወንዙን አነጋገር ከሰው አፍ ስሰማ ደስ አለኝ።

«አባቴ፣ ወንዙን የመከሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰማዎት?»

«ማን?»

«ወንዙ።»

«እስካሁን እያሰበበት ነው» አልኩት። ሳቀ። ይህ በደንብ ያደገ ልጅ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አባቱን ባውቀው ጥሩ ነበር።

ከዚያ ሥራዎቹ የሁለት ሰው መሆናቸውን አስረዳሁት። «የእሷን ሥራ ስማ፤ ከበሮው ጤነኛ ነው። የእኔ ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ ያነክሳል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። እሷ የያዘችው ከመሰንጠቁ በፊት የቀዳችውን ነው። መቺው እኔ ብሆንም ሠሪዋ እሷ ናት። ሸክላ ሠሪ ጭቃውን አልፈጠረም።»

«ይኸውማ ትክክል ነው» አለ። «ግን አባቴ፣ የእሷን ሰምተውታል?»

«ሰምቻለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በቁምስናው አዳራሽ።»

«እስከ መጨረሻው?»

ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁ።

«ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ ልያዝልዎት» አለና ያዘው።

እናትሽን ጠራሁ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ሁለታችን ጎንበስ አልን። መጀመሪያው የማውቀው ነው። ሹክሹክታው፣ ከዚያ ከበሮዬ፣ ከዚያ ከበሮዬ እየዘገየ፣ እየተሳበ፣ ከዚያ ስሜ ወደ ኋላ እየሄደ። እዚህ ላይ ነበር በአዳራሹ ብድግ ያልኩት። እዚህ ላይ ነበር በሰው ሁሉ ፊት «የአባቷን ስም ወደ ኋላ የምታስኬድ ልጅ አባት የላትም» ያልኩት። ቃሉን አለስልሼ አልጽፍልሽም፤ ያልኩትን ብያለሁ። ከዚያ ወጥቼ ቶሌካ ላይ ተፈናጥጬ ወደ ታንኳው ሄድኩ።

አሁን የምሄድበት አልነበረኝም፤ ቆምኩ። ስሜ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ ቀጠነ፣ ሹክሹክታው ውስጥ ጠለቀ። ከዚያ ከታች፣ እንደ ታንኳ ከጭጋግ ሲወጣ፣ ተመልሶ መጣ። ቀጥ ብሎ መጣ። በጎርፍ የመጣች፣ ታንኳ ያልጠበቀች። ወንዙን የመከረው ሰውዬ ልጅ። ሙሉው። ከዚያ ፀጥ አለ፤ ከፀጥታው በኋላ ሌላ እጅ መታ። ከበሮ አይደለም፤ በካቻቪቴ እጀታ እንጨት ላይ ነው። ጠረጴዛዬን አወቅኩት፤ የግራ እግሩ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ አለ፤ «ሰምቻለሁ፣ እግሬ መንገድ ላይ ነው።»

እጅሽ ሁለተኛው ቃል ላይ ይፈጥናል። በልጅነትሽም ይፈጥን ነበር፤ «ቀስ በዪ» ስልሽ ትቆጪ ነበር። አሁንም ቀስ በዪ።

ሎካንጉ ስልኩን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ። «አባቴ፣ አሉ?»

«አለሁ። መስመሩ ተበላሽቶ ነው» አልኩት። መስመሩ ደህና ነበር።

እናትሽ በመቀነቷ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች። «ያን ጊዜም መጨረሻው ይኸው ነበር» አለች።

«ምን?»

«በአዳራሹ። ይኸው ነበር። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንተ መንገድ ላይ ቶሌካ ትጠራ ነበር።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አምስት ዓመት ሙሉ ‹የዚያችን ነገር አታንሺብኝ› እያልከኝ? እኔ ሕግ አክባሪ ሴት ነኝ።»

ይህን ነው ወደ ታች እነግርሻለሁ ያልኩሽ። ሰው ከጠራ በኋላ መልሱን ሳይጠብቅ ከሄደ፣ ጥፋቱ የተጠራው አይደለም። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ መቀበያው ተዘግቶ ጣቢያው ሞተ በሚል ስንት ደንበኛ ላይ ስቄያለሁ።

አሁን ጉዳዩ። ዳኞቹ ሎካንጉን ሰምተው ሲመክሩ ዋሉ። ሁለቱንም ሥራ ስሙ ከመታወቁ በፊት መርጠዋቸው ኖሯል፤ ያንን ተነጋግረው አጸኑት። ስለ ሕጉ ግን እንዲህ አሉ፤ የአንቺ ስም የእኔን ይዟል፣ የእኔ ሥራ የአንቺን ይጠራል፣ ስለዚህ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ አንድ ሥራ ተብሎ ይቅረብ። ጃንዋሪ ላይ በመክፈቻው ቀን ሁለት ስፒከር ፊት ለፊት ይቆማል። ከአንዱ ሃምሳ ስምንት ይጠራል፣ ከሌላው ሠላሳ አንድ ይመልሳል። ሰው መካከል ይቀመጣል፣ ትራስ በሌለው ወንበር። ሁለቱም ሠሪዎች መገኘት አለባቸው ይላል። ይህን እኔ አላልኩም፤ ወረቀቱ ነው የሚለው።

ለዚህ የሁለታችን ፊርማ ያስፈልጋል። ንጎ ቢካይ ዛሬውኑ ልጻፍላት ብላ ነበር። እኔ አይሆንም አልኩ።

«አባባ፣ ኢሜይል አንድ ደቂቃ ነው።»

«አምስት ዓመት የቆየ ነገር አንድ ደቂቃ አይበቃውም። መጀመሪያ እኔ እጠይቃታለሁ፤ በወረቀት፣ በእጄ። አንቺ ከሃያ በኋላ ጻፊ።»

«እሺ፣ አባባ፤ ግን እርስዎ ከዚህ ሁሉ ሠሪ የበለጠ አስቸገሩኝ።»

«ቁጥር ሠላሳ አንድን ገና አላወቅሻትም» አልኳት።

ይኸው እየጠየቅሁሽ ነው። ሲስተር ኢማኩሌ ገጾቹን ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ ዋናውን ወረቀት እናትሽ ታስቀምጠዋለች። ፈቃድሽ ከሆነ በእናትሽ ስልክ አንድ ቃል ላኪ፤ አሁን ይሠራል፤ እኔም አላነበውም፣ መሥራቱን ካላጣራሁ በቀር። ፈቃድሽ ካልሆነ ደግሞ ሥራዬን የማነሳበት የተፈረመ ወረቀት የጨው ጣሳው ሥር አለ። እናትሽ ያንኑ ቀን ትልከዋለች፤ የአንቺ ብቻውን ይቆማል፤ አንቺም ያለ እኔ ዱዋላ ትሄጃለሽ። በዚህ አልቀየምም። ፈርሜ ያቆየሁት አንቺ እምቢ ስትዪ እጄ እንዳይጎተት ነው። እናትሽ ይህን ስትሰማ «‹እሺ› የሚለው ቃል መጣ» አለች። አልመጣም። ስሌት ነው ብዬአለሁ።

ሌላ የምጨምረው የለኝም። ከበሮው ከንፈሩ መጣበቅ አለበት። ሙጫው አለ፣ ማሰሪያ ሽቦውም አለ፤ አንዱን ወገን ጨብጦ የሚይዝ ሁለተኛ እጅ ግን ያስፈልጋል። እናትሽ እጇ ሁልጊዜ ዓሣ ነው። አይቸኩልም፤ እስከ ጃንዋሪም ሆነ እስከ ፌብሩዋሪ ይቆያል። ከዱዋላ በኋላ ያለ ማንኛውም ቀን ይሆናል። የጠረጴዛውን እግር ልጠግነው ነበር፣ ተውኩት፤ አንቺ ስታመልሺ የሚሰማው እሱ ነው።

እንጀራ ፍለጋ የሄድሽበት አገር ብርድ ነው ይላሉ። እግርሽን ሸፍኚ። ኤሌክትሪክ ስትነኪ በአንድ እጅ ብቻ ንኪ፤ ሌላውን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ፤ ያስተማርኩሽን አትርሺ። ጆሮሽን ያቆይልሽ። የምትቀጂው አይጥፋሽ፤ የሚሰማሽ አይጥፋ፤ የሚሰማሽም እስከ መጨረሻው ይቀመጥ።

ስምሽን ከዚህ በታች ሙሉውን ጽፌዋለሁ። ሌላ ፊርማ አላስቀምጥም፤ እዚያው ውስጥ አለሁ።

በጎርፍ የመጣች፣ ታንኳ ያልጠበቀች፤
ወንዝ ሲመክረው ወንዙን የመከረው ሰውዬ ልጅ፤
ዓሣ የማይዋሻት የያዌምቤ ሴት ልጅ።